ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ሞተር ቬንትሌተርና ስለ ቺንጋ



በፎገራ ሜዳ የቤተ ሰብ ሀብት በበሬና በመሬት ብቻ ይቈጠር የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ በወረታና በዙሪያዋ የአንዱ ቤት ሀብት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጐንደርና ወደ ደብረ ታቦር ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ነው፤ የሌላው ከጉማራ ወይም ከርብ ወንዝ ውሃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሞተር ነው፤ የሦስተኛውም ሩዝ የሚፈለፍል ወፍጮ ነው። መልካቸው ቢለያይም የሁሉም ጠላት አንድ ነው፤ እርሱም ሙቀት ነው። ከዚህ ጠላት የሚጠብቋቸው ደግሞ በዋጋ ትንንሽ የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም አየር የሚስበው ቬንትሌተርና ከሞተሩ ኀይል ተቀብሎ ሌላውን ክፍል የሚያዞረው ቺንጋ ነው።

እኛ የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ የሩዝ ሽያጩን አጠራቅሞ፣ የጐደለውንም ከዘመድ ተበድሮ ሚኒባስ ገዛ። ለብዙ ቀናት ጧት ጧት ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋው ይጮኽ ነበር፤ ሹፌሩ ልጅ ግን «ሲሞቅ ይተወዋል» እያለ ነገሩን ናቀው። አንድ ቀን ከዓለም በር አልፎ ያለውን ዐቀበት ሲወጣ ቺንጋው ተበጠሰ፤ የባትሪው ቀይ ምልክትም በራ። ልጁ «ደብረ ታቦር ደርሼ አስጠግናለሁ» ብሎ ነዳ። ከመድረሱ በፊት ቴስታታው ተጣመመ። መኪናው ሁለት ወር ሲቆም ዕዳው ግን አልቆመም። እንዲህ ያለው ጥፋት የሚመጣው ምልክት ሳይሰጥ አይደለምና፣ በዚህ ወር ምልክቶቹን አንድ በአንድ ለመጻፍ ወደድን። ዓላማችን የቤቱን ባለቤት መካኒክ ማድረግ ሳይሆን፣ ወደ ጋራዥ ሲሄድ ምን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ነው።

ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ከሚገኘው ኀይል ሥራ ላይ የሚውለው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ይህን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ራዲያተር ያደርሰዋል፤ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ መካከል አየር ስቦ ያቀዘቅዘዋል፤ የውሃው ፓምፕም መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። በብዙ መኪናዎች ፓምፑን፣ የባትሪውን ዲናሞና የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ በአንዳንዶቹም ቬንትሌተሩን ራሱን ያዞራል። ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ኮፈንና ቴስታታ የምንላቸው ቃላት ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ስለ ሆኑ በየጋራዡ ያለው ባለሙያ ሁሉ ያውቃቸዋል።

የአገራችን ከፍታም ነገሩን ያከብደዋል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወረታ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከፍታው 2700 ሜትር በሚጠጋው በደብረ ታቦር ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግን ውሃውን አምቆ ስለሚይዘው ከ110 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በትኩሱ ቢከፈት ያ የታመቀ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ በከፋቹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ የላይኛው የጎማ ቱቦም በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ማንም ክዳኑን አይንካ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲዞር ነጠላ የለበሰ፣ እጀታው የረዘመ ወይም ጠጕሩን ያልሰበሰበ ሰው ወደ ቺንጋው አይጠጋ፤ ልጆችም ይራቁ። ቺንጋን በእጅ የሚመረምር ሰው ሞተሩን ያጥፋ፤ ቊልፉንም በኪሱ ይያዝ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል፣ እርሱን ከመንካት በፊት የባትሪው ነጋቲቭ ገመድ ይፈታ።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ።

አንደኛ፥ የሙቀት መርፌው መቼ እንደሚወጣ አስተውሉ። መኪናው በገበያ መካከል ሲቆም ወይም ዐቀበት በዝግታ ሲወጣ ሞቆ፣ በሜዳው ላይ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ፣ የጐደለው አየር ነውና መጀመሪያ ቬንትሌተሩን ጠርጥሩ። በተቃራኒው ቆሞ ደኅና ሆኖ በፍጥነት ሲሮጥ የሚሞቅ ከሆነ፣ የውሃው መተላለፊያ ታጕሏል፤ ራዲያተሩ ደፍኗል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ተርሞስታቱ አልከፈተም ማለት ነው። መርፌው ሲወጣ የባትሪው ምልክት አብሮ ከበራና መሪውም ከከበደ፣ ቺንጋው ተበጥሷልና ወዲያው ቁሙ።

ሁለተኛ፥ ጆሮን ተጠቀሙ። ሞተሩ ሲነሣ ወይም የፊት መብራት ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ሲጥ የሚል ረጅም ጩኸት የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ድምፅ ነው። እንደ ጫጩት የሚቈራረጥ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር አለመሆናቸውን ያሳያል። ሁለቱን ለመለየት፣ በሩቁ ቆሞ ከጠርሙስ ጥቂት ውሃ በቺንጋው ላይ መርጨት ነው፤ ጩኸቱ ከባሰ ልልነት ነው፤ ለጊዜው ጠፍቶ ከተመለሰ የመስመር መዛባት ነው። ሳያቋርጥ እንደ ወፍጮ የሚያጕረመርምና ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምር ድምፅ ደግሞ የዲናሞው፣ የፓምፑ ወይም የማወጠሪያው ፑሌጃ ኩሽኔት መበላቱን ይናገራል።

ሦስተኛ፥ በዐይንና በእጅ መርምሩ። ጐኑ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ክሩ የወጣ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ ይለወጥ። ጐኑ ሰያፍ የሆነው ጠባቡ ቺንጋ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደኅና ነው። ከዚያ በጣም ከረገበ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረም ኩሽኔቱን ይበላዋል። ብዙ መስመር ያለው ሰፊው ቺንጋ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ማወጠሪያ ስላለው በዚህ መንገድ አይለካም። ከፓምፑ በታች የደረቀ የውሃ ፈለግ ከታየ የፓምፑ ማሸጊያ አልቋል።

አራተኛ፥ ቬንትሌተሩን ፈትኑ። በቺንጋ የሚዞረው አንዳንድ ጊዜ በመካከሉ ወፍራም ዘይት የያዘ ክብ ማያያዣ አለው። ሞተሩ ጠፍቶ በቀዘቀዘ ጊዜ በእጅ ሲገፋ ጥቂት ታግሎ መቆም ይገባዋል፤ ያለ ምንም ትግል ደጋግሞ የሚዞር ከሆነ ማያያዣው ደክሟል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ መርፌው ከመካከል ከፍ ማለት ሲጀምር ሊነሣ ይገባዋል። ካልተነሣ የመኪናው ማቀዝቀዣ ይከፈት፤ ያን ጊዜ ከተነሣ ሞተሩ ደኅና ነውና የሙቀት መለኪያው ይመርመር። ያን ጊዜም ካልተነሣ መጀመሪያ ፊውዙ፣ ቀጥሎም ሪሌውና የገመዱ መጋጠሚያ ይታዩ። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ሽቦ ማሰር ግን መኪናን በእሳት ማስበላት ነው።

በእኛ ስፍራ የራዲያተር መደፈን ምክንያቱ ብዙ ነው። በመከር ጊዜ የሩዝ ገለባና አቧራ፣ በክረምትም ወንዞቹ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ጭቃ በክንፎቹ መካከል ይጠቀጠቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ ይታጠብ፤ ብርቱ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ውሃ መሳቢያው ትንሽ ሞተር ደግሞ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው በመጐተቻው ገመድ ሥር ያለው ቬንትሌተር ነው። ስለዚህ ወንፊቱ ከሣርና ከጭቃ ይጽዳ። የሩዝ መፈልፈያው ቺንጋ የጎማ ሽታ ካመጣ እየተንሸራተተ ነው፤ ጐን ለጐን የሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋዎችም አብረው ይለወጣሉ። እህል ይዘው የሚመጡ እናቶች ነጠላቸው እንዳይያዝ ቺንጋው ያለ ሽፋን ከቶ አይሥራ።

በመንገድ ላይ ሞተር ቢፈላ፣ ዳር ይዞ ማጥፋትና መጠበቅ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ተርሞስታቱን ነቅሎ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩን ተገቢውን ሙቀት ከማሳጣት በቀር የደከመ ቬንትሌተርን አያድንም። በክዳን ተሸፍኖ በሞተሩ ውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ግን የቤት ሥራ ስላልሆነ ለባለሙያ ይተው።

ባለ መኪና በሳምንት አንድ ቀን፣ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ውሃውንና ቺንጋውን ለማየት ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ትርፍ ቺንጋም ከመቀመጫው ሥር ይኑረው። ሹፌሩ ልጅ ስለ ድምፅ ሲናገርም አባት «ዝም ብለህ ንዳ» አይበለው፤ ኮፈኑን ከፍተው አብረው ይስሙ።