ዘር ለማይቆጠርላት ወታደር መዝገብ ይከፈትላት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የቀድሞ ሴት ወታደሮች ቃል እንዲቀረጽ ስለመጠየቅ

ስለ ሴት ወታደር ሲነሳ ቶሎ የሚጠሩት ስሞች የጣሊያን ወረራ ዘመን ስሞች ናቸው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ እንደማይገደሉ ተነግሯቸው እጃቸውን ሰጥተው በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ፣ ጦር እየመሩ ትግሉን ቀጠሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ያቀብሉ ነበር፤ ጣሊያን ውስጥ በአዚናራ ደሴት ታስረው ከተመለሱ በኋላም የአዲስ ዓለም ምሽግ ሲጠቃ ነበሩበት።

ወይዘሮ ከበደች የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ የአፄ ዮሐንስ ዘር ስለሆኑ ስማቸውን የሚጽፍ አልጠፋም። በዚያው ዱር ስንቅ የተሸከመችው፣ ቁስለኛ ያሰረችው፣ የወደቀ ጠመንጃ አንስታ የተኮሰችው ግን እንደ ወጣች ቀርታለች። ያቺን አሁን ብንፈልጋት አናገኛትም። ከእሷ በኋላ የመጡትን ግን ዛሬም እናገኛቸዋለን።

አንዲት ጎረቤቴ በቀድሞው ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ገቡና እንጀራ እየሸጡ ልጅ አሳደጉ። የሠራዊት መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከዕድር ደብተራቸው ጋር ያስቀምጣሉ። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ የሬዲዮው ማዳመጫ ነው ያደነቆረኝ ይላሉ። የሠፈሩ ልጆች እንጀራ ሻጭነታቸውን እንጂ ወታደርነታቸውን አያውቁም።

ስለዚህ ሕዝቡ ወመዘክር ብሎ በሚያውቀው ቤታችሁ ለእነዚህ ሴቶች ቃል የሚሆን መዝገብ ይከፈት። የታሪክ ተማሪዎችን ከመቅረጫ ጋር ብታሰማሩ ሥራው ይጀመራል። መታወቂያና ፎቶግራፍ ቅጂው ይወሰድ፤ ዋናው ለራሷ ይመለስ። በአንድ ወገን የተዋጋችው ስትጠየቅ በሌላው ወገን የነበረችው ታጋይም ትጠየቅ። ቤተ መዛግብት አሸናፊ የሚመርጥበት ምክንያት የለም።

ጥያቄውም በጦር ሜዳ ብቻ አይወሰን። ስትመለመል ቤተሰቧ ምን አለ? የወር አበባዋን በጉዞ ላይ እንዴት ቻለችው? ልጇን ማን ያዘላት? ስትመለስ ለትዳር የፈለጋት ነበር ወይስ ወታደር ናት ተብላ ተሸሸች? ጡረታዋስ? ይህን የዘመቻ ሪፖርት አይነግረንም።

በ1969 የሶማሊያን ወረራ ለመመከት በሃያ ዓመቷ የዘመተች ሴት ዛሬ ሰባ ዓመት ይጠጋታል። በጀት እስኪፈቀድ፣ ኮሚቴ እስኪዋቀር ብትጠብቁ የምትጠይቁት ልጆቿን ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ ብዙውን አልተነገራቸውም።

ጎረቤቴን አነጋግሬያቸው ቃላቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነዋል። ባለሙያ ከመደባችሁ እኔው ይዣቸው እመጣለሁ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረጻው ቅጂ ለልጃቸውም እንዲሰጥ።

ከአክብሮት ጋር