የሕፃናት ጠባቂዋም ቀን ይቆጠርላት

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ጤፍ ከተዘራ በኋላ ከባዱ ድካም አረም ነው። ቡቃያው ቀጭን በመሆኑ አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ ከአራሚዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሕፃን ያላት እናት ወይ ልጇን አዝላ ታርማለች፣ ወይ እርጥብ ማሳ ዳር ታስተኛዋለች፣ አለዚያም ታላቅ እኅቱን ታስጠብቃለች። አረሙ እስከ መስከረም ሲዘልቅ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ይህችው እኅት ናት።

አንዳንዴ አንዲት ባልቴት «ልጆቹን ያዢልን» ተብላ ምሳና ምርቃት ይሰጣታል። ይሁን እንጂ ሕፃናት መጠበቅ ጥላ ሥር መቀመጥ አይደለም። ያልተከፈላት ጠባቂ ውላ አድራ ትቀራለች። በገንዘብ ይከፈላት ቢባል ደግሞ በነሐሴ ጎተራዋ የተሟጠጠባት እናት ከየት ታመጣለች?

መፍትሔው ገበሬው ራሱ ከሚያውቀው ወንፈል ይገኛል። በወንፈል የቀን ብድር በቀን ይመለሳል። አሥር እናቶች ለ20 ቀናት ሁለት ጠባቂዎች ቢይዙ ጠቅላላው ዕዳ 40 ቀን ነው፤ ለእያንዳንዷ እናት 4 ቀን ይደርሳታል። ይህንን በጠባቂዎቹ ማሳ አርማ ወይም አጭዳ ስትመልስ 16 ቀን ይተርፋታል። አንዲት ጠባቂ ብቻ ብትያዝ ዕዳው በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን ዳዴ የሚሉ አሥር ሕፃናትን ከእሳትና ከኩሬ ለመጠበቅ አንድ ሰው አይበቃም። መሬት ለሌላት ጠባቂም በአካባቢው የአራሚ የቀን ዋጋ ተሰልቶ እህል በአውድማ ሊሰፈርላት ይገባል።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የአሠራር መመሪያ፣ በሥራ ቦታ ሕፃናትን የሚጠብቅ ሰው ድካም እንደ ማንኛውም የማኅበረሰብ ሥራ እንዲቆጠር ፈቅዷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዟል። በማሳ የምትውለው እናት ከዚህ የምታንስበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አረም ከመግባቱ በፊት እናቶችንና ጠባቂዎችን ሰብስበው ማስማማት፣ የእያንዳንዷንም ቀን በመዝገብ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ጉልበት ያነሳት ወይም ባሏ የሞተባት እናት ድርሻዋን መመለስ ቢያቅታት ማኅበሩ በደቦ ሊሸፍንላት ይገባል። የአራሚዋ ቀን የሚቆጠር ከሆነ የጠባቂዋም ይቆጠር።