የወላጆች ቀን፦ ያልመጡትስ?

ሰኔ ሲደርስ ያቤሎም እንደ ሌሎች ከተሞች የወላጆች ቀን ላይ ትገኛለች። የኬጂ ሕፃናት ጋዋን ለብሰው ይመረቃሉ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይሸለማሉ፣ ወላጅም ካርድ ተቀብሎ ፎቶ ይነሳል። ደስታው ይገባቸዋል።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። መስከረም ላይ ተመዝግበው ሰኔ ላይ የሌሉት የት ሄዱ?

ቦረና ውስጥ መልሱ ብዙ ጊዜ ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው። ግጦሽ ሲደርቅ ከብቱ ወደ ፎራ ይወጣል፣ ወንዱ ልጅ ይከተላል። ሴቷ ውሃ ፍለጋ ትውላለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብት አለቀ፣ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ዱብሉቅና ሌሎች መጠለያዎች ገባ። ትምህርትም አብሮ ተቋረጠ።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ከሽልማቱ በፊት ሁለት ቁጥር ያንብቡ፦ ስንት ተመዘገቡ፣ ስንቱ የመጨረሻውን ፈተና ወሰዱ? ከኦ ክፍል ጀምሮ፣ ወንድና ሴት ተለይቶ።

«ገበናችንን በአደባባይ?» የሚል ይኖራል። ድርቅ የመምህር ጥፋት አይደለም። ቁጥሩ ለወረዳ በሪፖርት ብቻ ሲላክ ግን ልጁን ፈልጎ የሚያመጣው የለም። የትኛው ቤተሰብ ወዴት እንደተሰደደ የሚያውቁት አባ ኦላዎችና ወላጆች እዚያው አዳራሽ ተቀምጠዋል። ምገባና የውሃ ታንከር የትኛው ትምህርት ቤት ቅድሚያ እንደሚያሻውም ያው ቁጥር ይናገራል።

እስከ መስከረም ሁለት ወር አለ። ለመፈለግ ይበቃል።