ፍሬን «እምቢ» ሲል

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን እንዳለፈ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተሠራው የሊማሊሞ ቁልቁለት በአውቶቡስ የወረደ ሰው ተሳፋሪው የሚያየውን ያውቃል፤ ገደሉን ነው። አንዳንዱ ያማትባል፣ ሌላው መጋረጃ ይዘጋል። ማርሹን ልብ የሚል ግን እምብዛም የለም።

እስቲ እናስላው። 10 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ 98 ሚሊዮን ጁል ኢነርጂ ይለቃል። ይህም 290 ሊትር ገደማ ውኃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል! አሽከርካሪው ገና ከአናቱ ማርሽ ከቀነሰ ሞተሩ ጫናውን ይጋራል፤ ካልቀነሰ ግን አብዛኛውን ሙቀት ፍሬኑ ይሸከማል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሰበቃው ይቀንሳል።

ትቨርስኪና ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው የአንድን ነገር የመከሰት ዕድል ብዙ ጊዜ የሚገምተው ምሳሌው ወደ አእምሮው በሚመጣለት ቅለት መሆኑን አስረድተዋል። ገደል ሥዕል አለው፤ የጋለ ፍሬን የለውም። እንዲያውም ፍሬኑ ኃይሉ እስኪከዳው ድረስ በየኩርባው ስለሚይዝ፣ አሽከርካሪው አደጋው እየቀረበ ሳለ መተማመኑ ይጨምራል።

ከአደጋ በኋላ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» እንላለን። በወቅቱ ያልተጠገነ ፍሬን መኖሩን አልክድም። ይሁንና አባባሉ የሰውን ውሳኔ ለብረት ያሸክማል፤ ውሳኔው ምንም በማያስፈራው አናት ላይ ቀደም ብሎ ተወስኖ ሊሆን ይችላልና። «ሾፌር፣ ማርሽ ቀንስ» ማለት ድፍረት የሚመስለን ተሳፋሪዎች፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ «ፍጠን እንጂ!» ለማለት አናፍርም።