ፀሐይ ለሁላችንም እኩል አይደለችም

«የቆዳ ነቀርሳ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አባባል በግቢያችን እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲነገር እንሰማለን። አባባሉ ከፊሉ እውነት ነው፤ የቀረው ግን አብረውን የሚማሩትን የሚጎዳ ስሕተት ነው።

ብዙ ፈረንጆች ቆዳቸውን ለማጠየም ሲሉ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ይውላሉ፤ ፀሐይ ሲያጡም ጨረር በሚሰጥ የመብራት አልጋ ላይ ይተኛሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን አልጋ በሰው ላይ ነቀርሳ ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ጥቁር ቆዳ በአንጻሩ ሜላኒን የተባለው ቀለም ስለሚበዛው የፀሐይን የአልትራቫዮሌት ጨረር በብዙ ይመክታል።

ይሁን እንጂ «እኛ ጥቁሮች አያሰጋንም» ስንል እነማንን ቆጥረን ነው? አልቢኒዝም ያለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከእኛው አብራክ የተወለዱ ሲሆኑ፥ ሜላኒን ግን ጥቂት አላቸው ወይም ከነጭራሹ የላቸውም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። «ዛሬ ብርድ ነው፥ ደመና ነው» ማለትም አያድንም፤ ቆዳን የሚጎዳው ጨረሩ እንጂ ሙቀቱ አይደለምና።

እነዚህ ጓደኞቻችን ከንፈር እንዲመጠጥላቸው አይሹም። እኛም የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ ባርኔጣ ማውለቅ የአክብሮት ምልክት መሆኑን ብናውቅም፥ በሜዳ ላይ በሚደረግ ስብሰባ ባርኔጣም ሆነ ጃንጥላ የያዘ ተማሪ አውልቅ፥ እጠፍ አይባል። ሁለተኛ፥ የስፖርትና የመስክ ትምህርት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አይሁንባቸው። ሦስተኛ፥ አልቢኒዝም የዓይንን ብርሃንም ስለሚያደክም፥ የፊት ወንበርና በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ፈተና ይሰጣቸው። አራተኛ፥ የግቢው ክሊኒክ ኤስ ፒ ኤፍ 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ መኳኳያ አይቁጠረው፤ ለሳምንታት አልድን ያለ ቁስል ያለበትንም ሳይውል ሳያድር ወደ ቆዳ ሐኪም ይላክ። እንዲህ ያለው ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዘገየ ግን ሕይወት ያጠፋል።

«ቅባቱ ውድ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እንገምታለን። እርግጥ ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ባርኔጣ መፍቀድ ስንት ብር ይፈጃል? ሰዓት ማዛወርስ? ወንበር መልቀቅስ? ከአራቱ ሦስቱ የሚጠይቁት በጎ ፈቃድን ብቻ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ማኅበራችን ይህን ጥያቄ የምረቃው በዓል ከመድረሱ በፊት ለአስተዳደሩ እንዲያቀርብ፥ መምህራኖቻችንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ከየክፍላቸው እንዲጀምሩ አጥብቀን እናሳስባለን።