ሹካና ቢላዋ በገበታ ላይ የሚናገሩት

በአገራችን ገበታ እንግዳ መጥገቡን የሚያስታውቀው በአፉ ነው፤ ባለቤቱም «በሞቴ» እያለ ያጐርሰዋል እንጂ የመጀመሪያውን «ይበቃኛል» አይቀበልም። በኤውሮጳ ሥርዓት በተሰናዳ ጠረጴዛ ግን እንግዳው ዝም ሲል ሹካውና ቢላዋው ይናገሩለታል፤ አሳላፊውም ቃላቸውን እንደ ትእዛዝ ይፈጽማል።

ይኸውም፥ የሹካውና የቢላዋው ጫፍ በሰሐኑ ላይ ተቀራርቦ እጀታቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲለያይ «ገና እበላለሁ» ማለት ነው። ሁለቱ ጐን ለጐን ተጋድመው እጀታቸው ወደ ተመጋቢው ሲሆን «ጨርሻለሁ፥ አንሡ» ማለት ነው። የሹካው ጥርስ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች በሚለው አገሮች ሁሉ ስለማይስማሙ እኛም አንጨነቅበትም። የቢላዋው ስለት ግን ወደ ጐረቤት አይመለከትም። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1669 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የገበታ ቢላዋ ጫፉ እንዳይሾል አዝዞ ነበር፤ ቁርጥ በላተኛ ስለቱን ከከንፈሩ አጠገብ ሲያሳልፍ ቢያይ ምን ባለ ኖሮ!

በጋሞ ዞን በምዕራብ ዓባያ፥ በብርብር ከተማ በተደረገ አንድ ግብዣ ላይ ከዓባያ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ተጠብሶ ቀርቦ ነበር። ከደጋ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ እንደ ጐረሱ ሌላ ሰው ንግግር ጀመረ፤ እርሳቸውም ለአክብሮት ብለው ሹካውንና ቢላዋውን አስተካክለው ጐን ለጐን አኖሩ። ሥርዓቱን የተማረው ወጣት አሳላፊ ወዲያው ሰሐኑን አነሣ። ሽማግሌው የተነሣ ምግብ «መልሱልኝ» ማለት ነውር ሆኖባቸው ዝም አሉ፤ የቤቱም ጌታ ዓሣው ያልጣማቸው መስሎት አዘነ። በአሳላፊው አንፈርድበትም፤ የተማረውን ፈጸመ።

ነገር ግን ባለቤቶች አንድ ነገር እንዲጨምሩበት እንወዳለን። ሹካና ቢላዋ ምንም ቢሉ፥ አሳላፊው ሰሐን ከማንሣቱ በፊት ጐንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላንሣ፥ ጌታዬ?» ብሎ ይጠይቅ። የታላቁም እንግዳ ሰሐን ሳይነሣ የታናሹ አይነሣ። በመሶብ ዙሪያ ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ እንደማይነሣ ሁሉ፥ ይህን ለማስተማር ብዙ አይደክሙም።

ምዕራብ ዓባያ የሙዝ አገር ነውና በግብዣው መጨረሻ ሙዝ አይቀርም። የኤውሮጳ ጥብቅ ሥርዓት ሙዝን ልጦ በሹካና በቢላዋ እየቈረጡ መብላትን ያዛል። ሙዙ ከጓሮ ተቈርጦ በሚመጣበት በብርብር ገበታ ላይ ግን ይህን የሚያደርግ ሰው አላየንም፤ እንዲደረግም አንመክርም። ልጣጩ ብቻ በሰሐኑ ላይ ይቀመጥ።