ሆድ እስኪገፋ አንጠብቅ

«ስንት ወርሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሆድ ከታየ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ወራት ሴቷ ብቻዋን ትሸከማቸዋለች።

መቼ ነው የሚታየው? የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ወልዳ የምታውቅ ሴት የሆዷ ጡንቻ ስለላላ ቀደም ሊል ይችላል። ማህፀን እስከ 12 ሳምንት ገደማ ዳሌ ውስጥ ነው፤ እምብርት ጋ የሚደርሰው 20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ስለዚህ «የእሷ ገፍቷል፣ የኔ ለምን?» ብላችሁ አትጨነቁ እህቶቼ። «ሾጠጥ ካለ ወንድ ነው» የሚባለውም ወሬ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ማቅለሽለሹም ድካሙም የሚበረታው ሆድ ሳይታይ ነው። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚያስፈልገውም ያኔ፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት ይጀመር፣ በጠቅላላው 8 ጊዜ ይሁን ይላል። እኛ ጋ በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43 በመቶ ብቻ ናቸው።

ከጎረቤት መደበቅ መብቷ ነው። ዓይን ፈርታም ይሁን «ሳይጸና አልናገርም» ብላ፣ እንደፈለገች። ከጤና ጣቢያ መደበቅ ግን የለባትም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ከአሠሪ መደበቅ ነው። ከፉሪ እስከ ሰበታ ባለው መስመር ስንት ፋብሪካ አለ! ሙከራ ላይ ያለች ልጅ «ካወቁ ያባርሩኛል» ብላ ሆዷን በሰፊ ልብስ ሸፍና ከባድ ዕቃ ታነሳለች፣ ሌሊት ትቆማለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ትርፍ ሰዓትም እንደዚሁ። ለእርግዝና ምርመራ ማስረጃ ካመጣች ፈቃዷ ከነደመወዙ ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት አላት። እርግዝና ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም።

ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚጠቅማት ከተናገረች ነው፤ የምትናገረው ደግሞ ካልፈራች ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለእሷ ሳይሆን ለአለቆቿ ነው። ስትቀጥሩ «ነፍሰ ጡር ብትሆኚ እዚህ ጋ ነይና ንገሪን፣ ሥራሽን አታጪም» ብላችሁ በግልጽ ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? ይሄ ሳንቲም አያስወጣም።

እኛም ታክሲ ሰልፍ ላይ ወንበር የምንለቀው ሆድ አይተን ነው። ሆዷ ያልታየ፣ ፊቷ የገረጣ ልጅ «ትንሽ ልቀመጥ» ስትል «ምን ሆነሽ?» ሳንል እንነሳላት።